ነፍስ የጎደለው መኪናው ነው ወይስ እኛ?

ባለፈው ወር በማኅበራችን የባህል ክፍል ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካከራከረን በኋላ ያለ ውሳኔ ተበተንን። ጥያቄው በዓመቱ መዝጊያ በምናሳየው ትርዒት ላይ ኦርጋንና የከበሮ መኪና መድረክ ላይ ይውጡ ወይስ አይውጡ የሚል ነበር። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ብድግ ብሎ «መኪና ነፍስ የለውም፤ ነፍስ የሌለው ነገር ነፍስ ያለውን ሕዝብ ባህል ሊገልጥ አይችልም» ቢል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ያን ዕለት እጄ ያጨበጨበለትን ነገር አእምሮዬ ቀደም ብሎ እንዳልመረመረው ስለ ተረዳሁ ነው። ነገሩ በሚመጣው ስብሰባ በድምፅ ብልጫ ስለሚወሰን፣ እጃችንን ከማውጣታችን በፊት ጥቂት ብናስብበት አይከፋም።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ ወይም መምህር አይደለም፤ አውቶቡስ ነው። ከዕረፍት ስመለስ ከአዲስ አበባ ወደ ሀዋሳ በምመጣበት ጊዜ አንድ ዘመዴ በስልኬ ላይ የጫነልኝን አንድ የጀርመኖች ሙዚቃ ለማዳመጥ ጀመርሁ። የባንዱ ስም ክራፍትቬርክ ይባላል፤ ትርጓሜውም የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ማለት ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «አውቶባን» ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን የሸክላውን አንዱን ገጽ ለብቻው የያዘ ሲሆን ከሃያ ሁለት ደቂቃ በላይ ይረዝማል። የሚጀምረው የመኪና በር ሲዘጋ፣ ሞተር ሲነሣና ጥሩምባ ሲነፋ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬው መንገድ ብቻ ነው፤ በጀርመን አገር በሰፊው ጎዳና ላይ መንዳት፣ መንዳት፣ አሁንም መንዳት።

እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብዬ ነበር የከፈትሁት። ሞጆን አልፈን ወደ መቂ ስናመራ ግን አንድ ነገር ልብ አልሁ። መንገድ ማለት አንድ ነገር ሲደጋገም ማለት ነው፤ ግራር፣ ጋሪ፣ ግራር፣ የሽንኩርት ክምር፣ ግራር። ሰው መንገዱን ሲጀምር ይህ መደጋገም ያሰለቸዋል፤ ጥቂት ከታገሠ ግን ዓይኑ ይሠለጥንና ትንሿ ልዩነት ትልቅ ሆና ትታየዋለች። ይህም ሙዚቃ እንደዚሁ ነው። መኪናው ያንኑ ምት ሲደጋግም ጆሮ ይለምደዋል፤ ከለመደው በኋላ በላዩ ላይ የምትመጣ አንዲት አዲስ ድምፅ እንደ እንግዳ ትከበራለች። ባቱ አካባቢ ስንደርስ ዋሽንት ሰማሁ! ከባንዱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ፍሎሪያን ሽናይደር በትምህርት ቤት የተማረው ፍሉት የሚባለውን የፈረንጅ ዋሽንት ነበርና በዚያ ሁሉ ሽቦና ኤሌክትሪክ መካከል ይነፋዋል። ብረት ብቻ ነው ብዬ በጠበቅሁት ነገር ውስጥ የሰው ትንፋሽ ሰማሁ።

የነዚህን ሰዎች ታሪክ ስመረምር ነገሩ ይበልጥ ገረመኝ። ባንዱን በዱስልዶርፍ ከተማ ያቋቋሙት ሁለቱ ወጣቶች፣ ራልፍ ሁተር በ1946 ሽናይደር ደግሞ በ1947 የተወለዱ ናቸው። ማለት አባቶቻቸው የጀመሩት ጦርነት አገራቸውን አመድ ካደረገ በኋላ ነው ዓለምን ያዩት። የናዚ አገዛዝ የጀርመንን ባህል ስም አበላሽቶት ስለ ነበር የዚያ ዘመን የጀርመን ወጣት የአሜሪካንና የእንግሊዝን ዘፈን እየቀዳ መዝፈን ይቀናው ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን በገዛ ቋንቋቸው ስለ ገዛ አገራቸው መንገድ ዘፈኑ። መሣሪያው አዲስ፣ ጉዳዩ ግን የሰፈር ጉዳይ ነበር። እንግዲህ መኪናው ማንነታቸውን አላጠፋባቸውም፤ የጠፋባቸውን እንዲፈልጉ ረዳቸው እንጂ። ወዲያውም አልበሙ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተሰማ። በ1977 «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ብለው ስለ ባቡር ያወጡትን ዜማ ደግሞ በ1982 የኒውዮርክ ጥቁር ወጣቶች ወስደው «ፕላኔት ሮክ» የሚባለውን የራሳቸውን የጭፈራ ዘፈን ሠሩበት። የዱስልዶርፍ ሰው ለአገሩ ብሎ የሠራው ነገር ለብሮንክስ ልጅ አገር ሆነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ለመኝታ ክፍል ባልንጀራዬ ብነግረው ክራሩን ከጉልበቱ ሳያወርድ ሳቀብኝ። «ለጀርመን ያምርበታል» አለኝ፤ «ጀርመን መኪና ሠሪ ነው፤ ስለ መኪና በመኪና ቢዘፍን ምን ይገርማል? አንተ ግን የማን መኪና ሠርተህ ነው?» መልስ አጣሁ። ይህ ባልንጀራዬ በስብሰባው ላይ መኪናውን አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነው፤ ንግግሩም ከንቱ አይደለም።

መልሱን ያገኘሁት ከእኛው ከተማ ነው። ቀድሞ ካሴት ይሸጡ የነበሩ፣ ዛሬ ግን የስልክ ቻርጀርና ሽፋን የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ለስልኬ መስታወት ልገዛ ሄጄ ወሬ ስንጀምር ክርክራችንን አጫወትኋቸው። ከት ብለው ሳቁና «ልጄ፣ ከመኪና ጋራ ጠብ ከያዛችሁ መጀመሪያ ይኸን ስሙ» ብለው አንድ ሙዚቃ ከፈቱልኝ። «ጋሼ፣ የማን ነው?» አልኋቸው። «የኃይሉ መርጊያ ነው፤ ሸሞንሟናዬ ይባላል» አሉኝ።

ኃይሉ መርጊያ በ1946 የተወለደ ነው፤ የጀርመኑ የሁተር እኩያ መሆኑ ነው። ከደብረ ብርሃን በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ አኮርዲዮን መምታትን ራሱን በራሱ አስተማረ። በኋላም የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋችና መሪ ሆኖ በሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ታውጆ ስለ ነበረ ሊጨፍር የመጣ ሰው ሌሊቱን እዚያው አድሮ ሲነጋ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን አልበም ከባንዱ ጋር አወጣ፤ ሙላቱ አስታጥቄም በዚያ አልበም ላይ ቫይብራፎን መትቷል። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ለትርዒት ሄደ፤ ከዚያም ግማሾቹ ወደ አገር ሲመለሱ ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ነበር። እንዲህ ሆኖ ያ ትልቅ ባንድ ተከፈለ።

በ1985 ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ። አኮርዲዮኑን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሙግ የሚባለውን ሲንተሳይዘርና የከበሮውን መኪና እያከታተለ በላይ በላዩ እየደረበ ቀዳ። ዘፋኝ የለ፣ ሳክስፎን ነፊ የለ፣ ከበሮ መቺ የለ፤ አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ሆነ። የሠራቸው ዜማዎች ግን አዲስ ፈጠራ ነን የሚሉ አይደሉም። አንዱ ስሙ «አምባሰል» ነው፤ ሌላው «ሽለላ»፤ ሌላውም «ወገኔ»። ሕዝቡ የሚያውቀውን ዜማ ሕዝቡ በማያውቀው መሣሪያ መለሰለት።

እስቲ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት ልንገራችሁ። ከሥር የከበሮው መኪና ቲክ ቲክ እያለ ይሄዳል፤ አይቸኩልም፣ አይዘገይም፣ አይቆጣም። ከላይ አኮርዲዮኑ አለ። አኮርዲዮን የአንጥረኛ ወናፍ የመሰለ ነገር ስላለው ድምፁ የሚወጣው ሳብና ጫን ሲደረግ ነው፤ ስለዚህ እንደ ሰው አየር ያስገባል፣ ያስወጣል። መኪናው ባይተነፍስም አኮርዲዮኑ ስለሚተነፍስ ትንፋሹ ጎልቶ ይሰማል። አዋቂ ከበሮ መቺ ቢሆን ኖሮ አኮርዲዮኑ ሲያዝን አብሮት ያዝን ነበር፤ መኪናው ግን ሐዘኑን ስለማያውቅ አኮርዲዮኑ ብቻውን ያዝናል። የዚህ አልበም ውበት እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። በክረምት ሌሊት ሁሉም ተኝቶ የግድግዳ ሰዓት ብቻ ሲቆጥር አንድ ሰው ለብቻው እንደሚያንጎራጉር ያለ ነው። ባንዱ የተበተነበት፣ አገሩ የራቀበት ሰው ከዚህ የተሻለ እውነተኛ አጃቢ ከወዴት ያገኝ ነበር? መኪናው የሌሉትን ባልንጀሮች ቦታ ይዞለት ይሰማኛል፤ እነርሱን ለመምሰል ግን አይዋሽም።

አሁን ወደ ክርክራችን ልመለስ። በስብሰባው የተነሡት የተቃውሞ ሐሳቦች ሦስት ናቸው።

አንደኛው «የውጭ አገር ዕቃ ነው» የሚለው ነው። ይህ ከሦስቱ ሁሉ ደካማው ነው። ዛሬ የአያቶቻችን ዘመን ትዝታ ሆኖ አንጀታችንን የሚበላው አኮርዲዮን በ1829 በቪየና ከተማ በፈጠራ መብት የተመዘገበ ዕቃ ነው። የወርቃማው ዘመን ሙዚቃችን መለያ የሆነው ጥሩምባና ሳክስፎንም ቢሆን ከላሊበላ ዋሻ የተገኘ አይደለም፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የነፉት መሣሪያ ነው። ቋንቋችንም ቢሆን ለዚህ ምስክር ነው፤ የሚነዳውንም፣ የሚሰፋውንም፣ የሚጽፈውንም በአንድ ስም መኪና ብለን ተቀብለን እንጀራ በልተንበታል። እናንተ ይህን ስታነቡ የያዛችሁት ወረቀት እንኳ በማባዣ መኪና የተባዛ ነው። ጽሑፉ ነፍስ ከሌለው ጥፋቱ የእኔ ይሁን እንጂ የማባዣው አይሁን።

ሁለተኛው «መኪናው የሙዚቀኛውን እንጀራ በላ» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ በቀልድም የሚታለፍ አይደለም። ስምንትና ዐሥር ሰው የሚቀጥረው ሠርግ ወይም ሆቴል ዛሬ አንድ ኦርጋን መቺ ይቀጥራል። ጥሩምባ ነፊው የት ገባ? ማንም አልጠየቀም። ነገር ግን ባንዶቹን ያዳከማቸው ኦርጋኑ ብቻ አይደለም። ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ገበያ ዘጋ፤ ስደቱ ተጫዋቾቹን በተነ፤ ሸክላው ቀርቶ ካሴት ሲተካ ደግሞ አንዱ ከአንዱ መቅዳት ቀላል ሆነ። መኪናው የደረሰው ቤቱ ከተፈታ በኋላ ነው። እኛ በአንድ ቀን ትርዒት ላይ ኦርጋን ብንከለክል አንድም ጥሩምባ ነፊ ሥራ አያገኝም። ስለ ሙዚቀኛው እንጀራ የምር ከታሰበ ከትርዒቱ ገቢ ላይ ለጥሩምባ መምህር ይከፈል የሚል ሐሳብ ይቅረብ፤ እኔ ሁለት እጄን አወጣለሁ።

ሦስተኛው «ሁሉንም አንድ ዓይነት አደረገው» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ከተቃዋሚዎቼ ጋር ነኝ። ቅዳሜ ማታ በሀዋሳ ከአንዱ የሠርግ አዳራሽ ወደ ሌላው ብትሄዱ የሲዳማውም፣ የወላይታውም፣ የጉራጌውም፣ የጎንደሩም ዘፈን በአንድ ምት ላይ ተጭኖ ትሰማላችሁ። በጥንቃቄ የተለየው ውዝዋዜና የእግር አረጋገጥ ሁሉ ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ በመጣ አንድ ምት ይጨፈለቃል። ግን ይህን ያደረገው መኪናው ነው ወይስ ቁልፉን ተጭኖ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው? በቅሎ የጫኑባትን ትሸከማለች፤ መንገዱን የሚመርጠው ባለቤቷ ነው። ባለቤቱ መንገዱን የማያውቅ ከሆነ ግን በቅሎዋ የለመደችው በረት ይዛው ትገባለች።

ስለዚህ አንድ መፈተኛ አቀርባለሁ። መኪናውን አጥፉት። ከዚያ በኋላ የሚቀር ነገር አለ ወይ? ከሸሞንሟናዬ ውስጥ የከበሮውን መኪና ብታወጡት ቅኝቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ አኮርዲዮን መቺ ይቀራል። ከአውቶባን ውስጥ ብታወጡት ዜማና ዋሽንት ይቀራል። ከብዙዎቹ የሠርግ ቤት ጨዋታዎቻችን ውስጥ ግን መኪናውን ስታጠፉት የሚቀረው ጸጥታ ነው። ነፍስ የጎደለው ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይለያል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ የ1985 ካሴት አገር ቤት ገብቶ ሲሸጥ ቆይቶ ተረሳ። ባለቤቱም በዋሽንግተን በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ጀመር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው የዕቃ ማስቀመጫ ትንሽ ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ እንደ ነበረ ራሱ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። ጀርመኑ ስለ መኪና ዘፍኖ በዓለም ሲከበር የእኛው ሰው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ለራሱ ብቻ ይጫወት ነበር። ከዚያም ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አገኘ፤ ሰምቶም ተደነቀ፤ ባለቤቱን ፈልጎ ካገኘው በኋላ በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ ወዲህ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመልሶ በብዙ አገር ተጫውቷል፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

በዚህ ፈረንጁን አልወቅስም፤ አመሰግነዋለሁ እንጂ። የምወቅሰው ያንን ሱቅ በር ሺህ ጊዜ ያለፈውን ሰው ነው፤ ያም ሰው እኔ ነኝ፤ እናንተም ናችሁ። ስለ ባህል ነፍስ በአዳራሽ ውስጥ ስንከራከር ነፍሱ በካሴት ተጠቅልሎ በአቧራ ውስጥ ይሞታል። ካሴት ደግሞ አይቆይም። ቀጭን የፕላስቲክ ክር ላይ የተጣበቀ የብረት ዱቄት ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ማጣበቂያው ይለቃል፣ ይሻግታል፣ የቆሸሸ ማጫወቻም ያኝከዋል። የእኛ ከተማ ደግሞ ሙቀቱም የሐይቁ እርጥበትም አላት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ በ2015 በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባ ሁላችን ደስ ብሎናል። ነገር ግን መዝገብ ላይ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት በጉዱማሌ የጨፈሩ ሰዎች ድምፅ በማን ቤት፣ በየትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ ማወቅ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ስብሰባ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ኦርጋኑም የከበሮው መኪናም መድረክ ላይ ይውጡ፤ ነገር ግን የሚጫወተው ሰው አስቀድሞ መኪናው ጠፍቶ ዜማውን በትክክለኛ ቅኝቱ አጫውቶ ያሳይ። ይህን ያለፈ ይግባ፤ ያላለፈ ይለማመድ። ሁለተኛው፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ከዘመድም ሆነ ከሰፈር ሱቅ አንድ አንድ የቆየ ካሴት እንፈልግ፤ ባለቤቱን አስፈቅደን እንቅዳ፤ የዘፋኙን ስም፣ ዓመቱንና ቦታውን ጽፈን ለማኅበሩ እናስረክብ። ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለስ፤ የተቀዳውም ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ አይሸጥ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስልካችን ራሱ መቅጃ ነው። እነሆ፣ ለዚህም መኪና አስፈለገን።

የክራር ተጫዋቹ ባልንጀራዬ ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብቦታል። አሁንም ተቃዋሚ ነው፤ በስብሰባውም ይናገራል፤ እናንተም ልትሰሙት ይገባል። ነገር ግን ትናንት ማታ ሸሞንሟናዬን ከስልኬ ስከፍት ዝም ብሎ ቆየና ክራሩን አንሥቶ ከአኮርዲዮኑ ጋር ለማስማማት ክሩን ይጠመዝዝ ጀመር። አንድ ሁለቴም ሳተ። «እስቲ ከመጀመሪያው መልሰው» አለኝ።

መለስሁለት።

ከአርትስ ፋኩልቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ
ሀዋሳ